ልጄን ክፈትልኝ

ከአረብ አገር የሚመለስ ሰው ምን ይዞ እንደሚገባ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የማያውቅ የለም። የቀናው ወርቅ ይዞ ይመጣል፤ በመጠኑ የቀናው ብርድ ልብስና ሽቶ፤ ጭራሽ ያልቀናው ልብሱን በፌስታል አንጠልጥሎ ከመኪና ይወርድና አንገቱን ደፍቶ በጓሮ በኩል ይገባል። እኔ ጌም ይዤ መጣሁ። ስድስት ዓመት ጅዳ መኪና አጥቤ፣ ደረጃ ጠርጌ፣ ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ የነበረው ትልቁ ዕቃ አንድ ያገለገለ የጌም ማጫወቻ፣ ሁለት ጆይስቲክና አንድ የእግር ኳስ ሲዲ ነበር። የአሠሪዬ ልጅ አዲስ ተገዝቶለት ይሄኛው ሊጣል ሲል «ለወንድሜ» ብዬ የለመንኩት ነው።

እናቴ ሻንጣው ሲከፈት አጠገቤ ቁጭ ብላ ነበር። ጥቁሩን ሣጥን ገልበጥ አድርጋ አየችና «ይሄስ ምንድን ነው?» አለችኝ። ጌም ነው፣ ለትንሹ ነው ስላት «ኸይር» ብላ አስቀመጠችው። እናቴ «ኸይር» የምትለው ደስ ሲላት ብቻ አይደለም፤ የምትለው ሲጠፋትም ነው።

ታናሽ ወንድሜ ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፤ ቤት ውስጥ ያለነው እናቴ፣ እሱና እኔ ነን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኖ ውጤቱ አልሆነለትም። ጠዋት ወጥቶ አስፋልት ዳር ከጓደኞቹ ጋር ይቆማል፣ ሲርበው ይመጣል። ጌሙን ቴሌቪዥኑ ላይ ከሰካሁለት ቀን ጀምሮ ግን ከቤት መውጣት ተወ።

ያ ጌም ሰው የራሱን ተጫዋች እንዲሠራ ይፈቅዳል። ፊቱን፣ ቁመቱን፣ ፀጉሩን መርጠህ ትሠራለህ፣ ስም ትሰጠዋለህ፣ ከትንሽ ክለብ ጀምረህ እያጫወትክ ታሳድገዋለህ። ወንድሜ ራሱን ሠራ። ሁለት ቀን ፈጀበት። ቀጭን አንገቱን፣ ወደ ግራ ዘንበል የሚለውን ትከሻውን ሳይቀር አመጣው። ማሊያው ጀርባ ላይ ስሙን ጻፈ። እግሩ ላይ ቢጫ ጫማ አደረገለት፤ በእውነት የነበረው የሱ ጫማ አንድ ሸበጥና ጫፉ የተከፈተ ሸራ ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ያን ልጅ ያጫውተዋል። ልጁ ከሦስተኛ ዲቪዚዮን ወደ ሁለተኛ ወጣ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ። ምግብ ላይ የሚያወራው ስለሱ ብቻ ሆነ። «ዛሬ እኮ ሁለት ጎል አስቆጠርኩ» ይላል። «አስቆጠረ» ሲል ሰምቼው አላውቅም።

እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ። ሽማግሌ የሚያደክም ዓይነት ቁጡ። ከጅዳ ተመልሼ ሥራ አጥቼ የተቀመጥኩበት ወቅት ስለነበር፣ የሱ መቀመጥ የኔን መቀመጥ እያስታወሰ ያበግነኛል። አንድ ከሰዓት ቴሌቪዥኑ ፊት ሆኖ ብቻውን ሲጮህ ደረስኩና «ሰው በሌለ እግሩ ይሮጣል?» አልኩት። ዞር ብሎ ሳያየኝ መጫወቱን ቀጠለ። ይሄ ይበልጥ አናደደኝ። «እኔ በአንተ ዕድሜ ጅዳ ነበርኩ» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አፌን ፈልቅቆ አላወጣውም። ስድስት ዓመት ምን እንዳየሁ እያወቅኩ፣ ይዤ የመጣሁት ያን ሣጥን ብቻ መሆኑን እያወቅኩ አልኩት።

በዘጠነኛው ቀን ጠፋ። ከሁለት የሰፈር ልጆች ጋር በባቲ በኩል ወደ አፋር ወርደው፣ ከጅቡቲ ዳርቻ ባሕሩን ሊሻገሩ ነው የሄዱት። አንድ ጊዜ ብቻ በማናውቀው ቁጥር ደወለ። እናቴ እያለቀሰች «ተመለስ» ትለዋለች፣ እሱ «አብሽሪ እማ፣ አብሽሪ» ይላታል። ከዚያ ስልኩን ለኔ እንድትሰጥ ጠየቃት። ይሰድበኛል ወይ ገንዘብ ላክ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ «ጌሙን ማንም እንዳይነካብኝ፣ ሰባት ጨዋታ ይቀረኛል» አለኝ። «ሂድ ወዲያ» ብዬ ሳቅሁ። ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም።

ከሁለቱ ጓደኞቹ የአንደኛው ቤተሰብ በስድስተኛው ወር ለቅሶ ተቀመጠ። ጀልባ ተገልብጧል የሚል ወሬ ከየመን በስልክ መጥቶላቸው ነው። ሦስቱ በአንድ ጀልባ ይሳፈሩ በተለያየ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ዘመድ ተሰብስቦ መጣና እናቴን ቁርጥሽን እወቂ፣ ሰደቃውን አውጪለት አላት። «ያየው አለ? የቀበረው አለ?» አለች። የለም አሏት። «እንግዲያው ምሳችሁን ብሉና ሂዱ» ብላ አሰናበተቻቸው። እኔም በልቤ ከዘመዶቹ ጋር ነበርኩ። አውቃ ብታለቅስና ቢወጣላት ይሻላል እል ነበር። ያን ማሰቤ አሁን ያሳፍረኛል።

ጌሙን አንድ ዓመት ሙሉ አልነካሁትም፤ እንዳይነካብኝ ብሏልና። ከዚያ አንድ ቀን ከአስር ሰላት በኋላ ቤቱ ጭር አለብኝና ከፈትኩት። ሊጉ እሱ ያቆመበት ቦታ ላይ ነበር፣ ሰባት ጨዋታ ይቀራል። ለራሴ ማልኩ። እጫወታለሁ እንጂ ሴቭ አላደርግም፤ ስዘጋው ሁሉም እሱ ወደተወው ቦታ ይመለሳል። ሰባቱ ሰባት እንደሆኑ ይጠብቁታል።

ሲዲው የአረብ አገር ስለሆነ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ሰውዬ የሚጮኸው በአረብኛ ነው። እናቴ ከጓዳ ወጣች፣ አረብኛውን ስትሰማ ሻሿን አስተካከለች፣ ጉልበቷን አጥፋ በአክብሮት ተቀመጠች። ሰውዬው ትንፋሹ እስኪያጥረው ሲጮህ ጠብቃ «አሚን» አለች። «እማ፣ የማዕዘን ምት ነው እኮ የሚለው» አልኳት። ሳቅኩ፤ እሷም እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። የወንድሜ ድምፅ ከጠፋ ወዲህ ቤታችን ሳቅ የተሰማበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ከዚያ ጣቷን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰረችና «ያ ባለ ቢጫ ጫማው ማን ነው? እንደት ያለ ሯጭ ነው?» አለችኝ። ሳቁ እንዳያልቅብኝ ብዬ ይመስለኛል፣ «አላወቅሽውም? ልጅሽ ነዋ» አልኳት።

እናቴ ሞኝ አይደለችም። ጌም መሆኑን ታውቃለች። ግን ትከሻውን አየች። እየተንፏቀቀች ቴሌቪዥኑ ሥር ደረሰችና ብዙ ካየችው በኋላ «ከስቷል» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አስር ሰግዳ ስትጨርስ መስገጃዋን አጥፋ ትመጣለች። «እስቲ ልጄን ክፈትልኝ» ትለኛለች። ተከላካይ ሲጥለው «ምን አደረጋቸው?» ትላለች። ጨዋታው በዝናብ ሲሆን «ይበርደዋል፣ ሌላ ቀን አርገው» ብላ ታዘጋኛለች። አስተላላፊው ስሙን አይጠራውም፣ እሷ ትጠራዋለች። ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ከዚያ ተነስታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ምግብ መቅመስ ጀመረች፣ ገበያ መውጣት ጀመረች። እኔም ብሆን ቀኑን የማሳልፈው አስርን እየጠበቅኩ ነበር። አልደብቅም፤ ጆይስቲኩን ስይዝ ይቅርታ የምጠይቀው ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እናቴ ለወንድሜ ወዳጃ አዘጋጀች። ወዳጃ በኛ አገር ጎረቤት ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ተሰብስቦ፣ ጫት እየተቃመ ዱዓ የሚደረግበት ነው። ዱዓውን የሚመሩት በሰፈሩ የተከበሩ አንድ ሽማግሌ ሸህ ናቸው፤ እሳቸው ባሉበት ከጎረቤት ሬዲዮ እንኳ ከተሰማ ፊታቸው ይቋጠራል። ቤቱ ተጠረገ፣ ቄጠማ ተጎዘጎዘ፣ ለሸሁ ፍራሽ በግድግዳው ሥር ተነጠፈ። ሰው የሚመጣው ከአስር በኋላ ነው ተብሏል። እናቴ ሥራውን ጨርሳ «ዱዓው ሳይጀመር አንዴ ልየው» አለችኝ። ከፈትኩላት።

ልጁ ሜዳ ገብቶ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይጫወት በር ላይ «አሰላሙ አለይኩም» የሚል ድምፅ ሰማን። ሸሁ ናቸው፣ ቀደም ብለው መጡ። እናቴ «ያረቢ፣ ደብቀው» አለችኝ። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። ማጫወቻው ያለው በትክክል የሸሁ ፍራሽ ራስጌ ነው። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ማጥፋት፣ አሥር ቁጥር ቆጥሮ ማንሳት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። እኔ እየሠራ እያለ ብድግ አደረግኩት፣ ገመዱን ሳልነቅል አቁሜ በቁም ሣጥኑና በግድግዳው መሃል ሸጎጥኩት፣ መጋረጃውን ሳብኩበት። ሳቆመው ከውስጡ ቀጭ የሚል ነገር ሰምቻለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

ሰው ገባ፣ ቤቱ ሞላ። ጎረቤታችን ክርስቲያን ናት፣ በየዓመቱ ግሸን የምትወጣ፤ እሷም እንደ ሁሌው መጥታ ከእናቴ ጎን ተቀመጠች። ሸሁ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሁላችንም ዘረጋን። ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ ክርርር የሚል ድምፅ መጣ፤ ያቆማል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ሌላው ሰው አልሰማውም ወይም አይጥ መስሎታል። እኔ ግን ምን እንደሆነ ገባኝ። ሲዲው ዘንበል ብሎ እየዞረ ነው፣ የሆነ ነገር እየላጠው ነው። ዱዓ ላይ እጅ ከተዘረጋ በኋላ ተነስቶ መሄድ ነውር ነው። ዱዓው ደግሞ ለገዛ ወንድሜ ነው፤ ለሱ ሲለመን እኔ ልነሳ? ተቀመጥኩ። ሸሁ «ባሕር ላይም ከሆነ፣ በረሃም ከሆነ፣ እስር ቤትም ከሆነ፣ ያረቢ ለናቱ መልሰው» አሉ። ቤቱ በሙሉ «አሚን» አለ። እኔ አላልኩም። ጆሮዬ መጋረጃው ጀርባ ነበር። ቀና ስል እናቴ ከማዶ እያየችኝ ነው፤ ከንፈሬ እንዳልተንቀሳቀሰ አይታለች።

ሰው ተሸኝቶ እንዳለቀ ሲዲውን አወጣሁት። ትኩስ ነበር። የሚያበራው ጀርባው ላይ በኮምፓስ የተሠመረ የሚመስል ክብ ጭረት ዞሮበታል፣ ጥፍሬን ሳስኬድበት ይይዘኛል። በሸሚዜ ጠርጌ መልሼ ከተትኩት። ማጫወቻው አጉረመረመ፣ ዝም አለ፣ እንደገና አጉረመረመና ዲስኩ አይነበብም የሚል የአረብኛ ጽሑፍ አወጣ። አሥር ጊዜ ያህል እያወጣሁ ከተትኩት። ጽሑፉ አልተለወጠም።

«ዛሬ አይከፈትም?» አለችኝ በማግሥቱ ከአስር በኋላ። «መብራቱ ቀንሷል እማ» አልኳት። በቀጣዩ ቀን ገመዱ ላልቷል አልኳት። ሁለት ሳምንት እንዲህ እየዋሸሁ ከረምኩ። መስገጃዋን አጥፋ ትመጣለች፣ ጥቁሩን ቴሌቪዥን ታያለች፣ ሳትጠይቀኝ ትመለሳለች። አለመጠየቋ ከመጠየቋ ይብስብኝ ነበር።

በጥርስ ሳሙና ይለቃል ሲሉ ሰምቼ ስለነበር አንድ ቀን ጓሮ ቁጭ ብዬ ሲዲውን በጥርስ ሳሙና ስፈትግ እናቴና ጎረቤታችን ደረሱብኝ። መደበቅ አልቻልኩም። ተጭሯል አልኳቸው፣ እንዴት እንደተጫረ ግን አልተናገርኩም። ጎረቤታችን ሲዲውን ተቀብላ ወደ ፀሐይ አዞረችውና «የግሸን ጠበል አለኝ፣ ቀባ አርገው» አለች። እናቴ «ዘምዘም እያለልን?» አለቻት። ሁለቱ በሁለት ብልቃጥ ሊሟገቱ ሲሉ ንዴቴ ገነፈለ። በሳሙና ያልለቀቀ በውኃ ይለቃል ወይ ብዬ ጮህኩባቸው። ትተውኝ ገቡ። ሁለቱም ብልቃጦች ግን መስኮቱ ላይ ተቀምጠውልኝ አገኘሁ። ማንም እንደማያየኝ ካረጋገጥኩ በኋላ በዘምዘሙም በጠበሉም አበስኩት። አሁንም አልተነበበም።

ጅዳ የቀረ አንድ ጓደኛ አለኝ። ያንኑ ጌም ፈልግልኝ ብዬ ላክሁበት፤ የወንድሜ ሊግ የተቀመጠው ማጫወቻው ውስጥ ስለሆነ ሌላ ሲዲ ከተገኘ ይከፍተዋል። ከቀናት በኋላ በድምፅ መልሶ ላከልኝ። «ወላሂ ሱቁን ሁሉ አዳረስኩት። ለዚያ ማሽን ሲዲ መሸጥ ካቆሙ ቆይተዋል። ስቀውብኛል ነው የምልህ። ምን ልታደርገው ነው ግን?» ይላል። 

ውጫሌ ውስጥ አንድ ጌም ቤት የድሮ ሲዲዎች ቀርተውታል ተባልኩ። ማጫወቻውን በጆንያ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መስከረም ነው፣ መኪናው በግሸን ተጓዦች ተጠቅጥቋል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጉልበቴ ላይ የታቀፍኩትን ጆንያ አይተው «የሚሰበር ነገር ነው ልጄ?» አሉኝ። «የወንድሜ ዕቃ ነው» አልኳቸው። «የት ነው እሱ?» አሉ። «ባሕር ማዶ» አልኩ። «በሰላም ይመልሰው» አሉኝ። ይሄኛውን አሚን ፈጥኜ ነው ያልኩት፣ ድምፄም ከፍ ብሎ ስለነበር ሰው ዞሮ አየኝ።

የጌም ቤቱ ባለቤት አቧራ የለበሰ ካርቶን አወረደልኝ። ከውስጡ ያው ሥዕል ያለበትን ሽፋን አገኘሁ። እዚያው ሰክተን ከፈትነው። ተነበበ። ሙዚቃው ጀመረ። እኔ ሰውዬውን ልስመው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ አዲስ ጀምር የሚል ጽሑፍ ብቻ መጣ፤ የወንድሜ ሊግ የለም። ባለቤቱ ሽፋኑን ገልበጥ አድርጎ አየና «ይሄ ካንተ ጌም በኋላ የወጣው ነው። መልኩ ነው አንድ፣ የድሮውን ፋይል አያውቀውም» አለኝ። ከፈለግህ አዲስ ተጫዋች መሥራት ትችላለህ አለኝ ደግሞ። ለደግ ብሎ ነው። እኔ ግን ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ፤ ተመልሼ ገብቼ ይቅርታ ጠይቄ ሣጥኔን ጠቀለልኩ።

የመጨረሻው ደሴ ነበር። ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ብርቱ ልጅ አለ ተብዬ ሄድኩ። ሲዲውን አምፑል ሥር ይዞ ብዙ አየው። «ከመሃል ወደ ዳር የተጫረ ቢሆን እየዘለለ ያነበው ነበር። ይሄ ግን ዙሪያውን ነው የሄደው፣ የሚነበበውን መስመር ተከትሎ ነው የበላው» አለኝ። በማሽን አለሰለሰው፣ ሞከረው፣ አልሆነም። «አብሽር ወንድሜ፣ መላ አለው» አለና ማጫወቻውን ፈትቶ ያለ ሲዲ የሚሠራ ጌም ሊጭንልኝ እንደሚችል ነገረኝ። «ያንኑ ጌም?» አልኩት። «ያንኑ። ግን ሚሞሪው ፎርማት መሆን አለበት። ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል።» ውስጡ ያለውን መጀመሪያ አውጣልኝ አልኩት። ከሰዓቱን በሙሉ ታገለው። የተቆለፈ ነው፣ አይወጣም አለኝ። ከዚያ ስክሪኑን ወደኔ አዞረና «ይሄ ነው?» አለኝ። የወንድሜ ስም ተጽፏል። ከሥሩ የመጨረሻው ሴቭ ቀን ተጽፏል፤ ከቤት ከመጥፋቱ በፊት የነበረው ቀን ነው። ሲነኩት ዲስኩን አስገባ ይላል።

«ላጥፋው?» አለኝ ልጁ። እንዳትነካው አልኩት። በጣም ጮኼ መሆን አለበት፣ እጁን ከቁልፉ ላይ አነሳ። የደከመበትን እንኳ ሳይቀበለኝ ሣጥኑን መልሶ ገጥሞ ሰጠኝ። በመመለሻው ሚኒባስ ከደሴ ቁልቁል እስክንወርድና ሐይቁ እስኪታየን ድረስ ሣጥኑን ታቅፌ አለቀስኩ። ሐይቁ ዳር ያለው የገዳሙ ደን እስኪደበዝዝብኝ ነው ያለቀስኩት። ወንድሜ እዚያ ውስጥ ሰባት ጨዋታ ቀርቶት አለ፣ የሚደርስበት ግን የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ በምላሴ፣ ኋላ በእጄ።

ቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ነበረች። ያን ቀን መዋሸት አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ የወዳጃው ቀን እየሠራ እንዳነሳሁት፣ ሲፋቅ እየሰማሁ እንደተቀመጥኩ፣ ከእንግዲህ እንደማይከፈት። «በጭራሽ?» አለች። «በጭራሽ» አልኳት። «ኸይር» አለችና ገባች። አስር ደርሶ ነበር። ሰግዳ ስትጨርስ መስገጃዋ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች፤ ወደ ቴሌቪዥኑ አልመጣችም።

በሳምንቱ ከውጭ ስገባ ጓዳው በሰው ተሞልቷል። ጎረቤታችን ትልቁን ድስት አምጥታለች፣ እናቴ ሽንኩርት ትከትፋለች። ምንድን ነው አልኳት። ቀና ሳትል «ሰደቃ ነው፣ የወንድምህ» አለችኝ።

«እማ፣ መርዶ ሳይመጣ ሰደቃ ይወጣል?»

«መጣ እኮ።»

«ማን አመጣው?»

«አንተ ነሃ። ከደሴ።»

እጇን ያዝኳት። ቢላዋውን ተቀበልኳት። «እማ፣ የተጫረው ሲዲ ነው። ሲዲ እኮ ነው። እሱን ያየው የለም፣ የቀበረው የለም፣ አንቺው አይደለሽ እንዲህ ስትይ የኖርሽው?» አልኳት። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ሰው ሁሉ ቁረጪ ሲላት አልቆርጥም ያለችው እሷ ናት። እኔ ነኝ አሁን የምለምናት።

እናቴ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። የሽንኩርቱ ይሁን የሌላው አላውቅም። «ልጅሽ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ?» አለችኝ። ቁጣ የለበትም፤ ረስቼው እንደሆነ ለማስታወስ ያህል ነው የጠየቀችኝ። ቢላዋውን መልሳ ተቀበለችኝ።

ወጥቼ ወንበር ተሸከምኩ። ምን ላድርግ? ሰው መጣ፣ ያው ሰው። ሸሁ እዚያው ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። ቁም ሣጥኑና ግድግዳው መሃል ባዶ ነው፣ ማጫወቻውን አልጋዬ ሥር አድርጌዋለሁ። ሸሁ እጃቸውን ዘረጉ። በዚህ ጊዜ «መልሰው» አላሉም። «ያረቢ ማረው፣ ቀብሩን አስፋለት» አሉ። ቀብር የለውም ብዬ ልጮህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቤቱ በሙሉ «አሚን» አለ። ቀና ስል እናቴ ከማዶ ከንፈሬን እያየች ትጠብቃለች።

አሚን አልኩላት።